ባለብረቷ ፀጋ

ከዲላ ጪጩ ወርዳችሁ "ባለብረቷ ፀጋ" ብትሉ የማያውቃት የለም። ሰው ሁሉ ስለ እግሯ ነው የሚያወራው። እኔ ወለላ ግን የእግሯ ወሬ አንገሽግሾኛል። ዳሌዋ ውስጥ የገባው ብረት እስከ መጨረሻው ቀን አላስቸገራትም። የገደላት ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ነገር ደግሞ እሷ እየደበቀች እኔ እያወቅሁ ሁለት ዓመት አብረን ከረምን።

ዲላ ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ወላጆቼ ከጎንደር መጥተው እዚሁ ወለዱኝ፤ የማርያምን ደጅ እየሳምኩ ያደግሁ ነኝ። ፀጋ ጌዴኦ ናት፣ ጴንጤ። በገበያ ቀን ከጪጩ ቆጮና አቮካዶ ይዛ እየመጣች ደጃፌ ላይ ትዘረጋ ነበር። የተዋወቅነው በጠብ ነው። "ደንበኛ በየት በኩል ይግባልኝ?" ብዬ ጮህኩባት። እሷ ቀና ብላ አየችኝና፣ "ይሄ ሁሉ ጩኸት ከዚህች ሚጢጢ ሴት ነው የወጣው?" ብላ ሳቀች። እኔም ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሳንለያይ ኖርን። ስትቸኩል አማርኛዋ ውስጥ ወንድና ሴት ይቀላቀልባት ነበር። "ና ወለላ፣ ተቀመጥ!" ስትለኝ ገበያው ሁሉ ይስቅብኛል፤ እሷ ግን ግድም አልነበራት።

ባሏ ታሪኩ የሞተባት አንድ ልጃቸው ይዲድያ ስድስት ዓመቱ ላይ ሳለ ነው። ልጁን በእንሰቷና በቡናዋ ብቻዋን አሳደገችው። ብቻዋን እንኳ አልል፤ ዲላ ሲማር እኔ ቤት ነበር የሚያድረው። ዛሬ ወርቃ በሚባል ቦታ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚሠራ ትልቅ ሰው ሆኗል።

ሃምሳዎቹን እንደጀመረች ዳሌዋን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ቁርጥማት ነው ተባለ። ታሸች፣ ፍል ውኃ ሄደች፣ ምንም አልሆነላትም። ቀስ እያለ ማነከስ መጣ፣ ከዚያ ዱላ። ማሳዋ ዳገት ላይ ነው፤ የገዛ ቡናዋን ከታች ሆና እያንጋጠጠች የምታይ ሴት ሆነች። ሐኪም ራጅ አንስቶ፣ "በመገጣጠሚያው መሐል ያለው ልስልስ አጥንት አልቋል፤ አጥንትና አጥንት እየተፋጨ ነው። መገጣጠሚያው በሰው ሠራሽ ካልተቀየረ መፍትሔ የለውም" አላት። ጉድ ፈላ! ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ "አጥንት እንደ መኪና ዕቃ ይቀየራል እንዴ? ቆርጠው ሊልኳት ነው" አለ። እኔ ተነስቼ፣ "ከተበላሸ ይቀየራላ! እኔ እወስዳታለሁ። አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂዋ እኔ ነኝ" አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት፣ በሰው ሁሉ ፊት።

አዲስ አበባ ወሰድኳት። ብረቱ ገባላት። በማግስቱ አቁመው ሁለት እርምጃ ሲያስኬዷት እኔ ጥግ ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስንወጣ የቀየረላት ሐኪም አስቀምጦ መከራት። "እናቴ፣ ይሄ ብረት ብዙ ያገለግልዎታል፣ አሥራ አምስት ዓመትም ሃያም። እኔን የሚያሳስበኝ የደም ግፊትዎ ነው። ዳሌ ተቀየረ ማለት ሰውነት ሁሉ ታደሰ ማለት አይደለም። ኪኒኑን እንዳያቋርጡ፣ ክትትሉንም እንዳይተዉ" አላት። ሁለታችንም "እሺ፣ እሺ" ብለን ራሳችንን ነቀነቅን። ልባችን ግን ዱላ ሳትይዝ ጪጩ ስትገባ ሰው የሚለው ላይ ነበር።

ዓመት ሲሞላት፣ በኅዳር የመጀመሪያው እሁድ፣ ጸሎት ቤታቸው ውስጥ ለምስክርነት ቆመች። መቆም ብቻ መሰላችሁ? ከበሩ ጀምራ እስከ መድረኩ ድረስ ያለ ዱላ እየተራመደች ሄደች። እልልታው ጣራውን ሊያነሳው! መድረኩ ላይ ወጥታ፣ "ጌታ ፈጽሞ ፈወሰኝ" አለች። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። የሠፈር ሴቶች፣ "ወለላ ጰነጠች እንዴ?" እያሉ ከረሙብኝ፤ ይበሉ። በየዓመቱ በዚያው እሁድ እሷ ትራመዳለች፣ እኔም ሄጄ አያለሁ። ከጨለለቅቱ ድረስ ዳሌያቸውን ያመማቸው ሰዎች እሷን ለማየት ይመጡ ጀመር።

በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል ኪኒኑን መተዋን ያወቅሁት። "ምነው?" አልኳት።

"ፈጽሞ ፈወሰኝ ብዬ በጉባኤ ፊት መስክሬ፣ ቤት ገብቼ ኪኒን ልውጥ? ማንን ነው የማታልለው?" አለችኝ።

"ኧረ ፀጋ፣ የመሰከርሽው ለዳሌሽ ነው፤ ግፊቱ ሌላ ነው" ብያት ነበር። "ፈጽሞ ነው ያልኩት" አለች። ፊቷ ሲቆጣ አየሁና ተውኩት። በሃይማኖቷ ምን አገባኝ አልኩ። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደህና ነበረች። ዳገቱን ከእኔ ቀድማ ትወጣለች፣ ቡናዋን ራሷ ትለቅማለች፣ ሰርግ ላይ ትጨፍራለች። ሰባት፣ ስምንት ዓመት እንዲህ ሲያልፍ የሐኪሙን ምክር ማን ያስታውሳል?

ካቻምና መስከረም ላይ ነው የጀመረው። ከባጃጅ ወርዳ ሱቄ እስክትደርስ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ቁና ቁና እየተነፈሰች ገብታ በርጩማው ላይ ዘፍ አለች። "ሞቀኝ" አለች። እየዘነበ ነበር እኮ! ያዝ አድርጌ ስጠይቃት አወጣችው። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሦስት ትራስ ደራርባ ነው የምትተኛው። እግሯ ያብጣል። ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። በጣቴ ስጫነው ስርጉድ ብሎ ቀረ።

"ብረቱ አርጅቶ ነው። ደሙን የዘጋው እሱ ነው" አለችኝ። "ለይዲድያ እንዳትነግሪው። ለጸሎት ቤት ሰውም ቢሆን። አሥር ዓመት እልል ብለውልኝ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?"

ልቤ ድንግጥ አለ። ግን መጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣው እሷ አይደለችም። መጀመሪያ የመጣልኝ ዘመዶቿ ናቸው። "ተጠያቂዋ እኔ ነኝ አላልሽም ነበር? ብረትሽ ይኸው!" ሲሉኝ ታየኝ። አፈር ልብላ፣ ያሰብኩት ይህንን ነው። ስለዚህ እሺ አልኩ። በገበያ ቀን ውኃ በጨው አሙቄ፣ ከሱቁ ጀርባ አስቀምጬ እግሯን አሽላት ጀመር። ሁለት ዓመት! እብጠቱ ጎደል ሲል ደስ ይለናል፤ በሳምንቱ ብሶ ይመጣል። አንድ ቀን እንኳ ክንዷን ይዤ ሆስፒታል አልወሰድኳትም። ዲላ ሆስፒታል ያለው እኮ ከሱቄ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ላይ ነው።

የዘንድሮው ኅዳር ደረሰ። ከንፈሯ ጠቁሮ ሳይ፣ "ዘንድሮስ ይቅርብሽ" አልኳት።

"ሰው ሊያየኝ ይመጣል። አንዲት ሴት አለች፣ እኔን ካየች በኋላ ነው ዳሌዋን ለማስቀየር የምትወስነው" አለች። ሄደች። ይዲድያም ከወርቃ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

ከበሩ ተነስታ ግማሹን ሄደች። ከዚያ ቆመች። የወንበር ጠርዝ ይዛ አንገቷን ደፋች። ሰው በደስታ ያለቀሰች መስሎት እልልታውን አቀለጠው። እኔ ከኋላ ሆኜ አውቄያለሁ፤ ጀርባዋ ወደ ላይ ወደ ታች ሲል ይታየኛል። ተነስቼ "ያዟት!" ብዬ መጮኽ ነበረብኝ። ያን ሁሉ ዓመት ገበያ መሐል የምጮኽ ሴት፣ ያን ቀን ከወንበሬ አልተነሳሁም። እሷ እንደ ምንም ተነቃንቃ መድረኩ ጋ ደረሰች፣ "ጌታ ፈጽሞ" አለችና እዚያው ወደቀች።

በሚኒባስ ሆስፒታል አደረስናት። የጸሎት ቤታቸው ፓስተር በዛብህ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው፣ ኪኒን ማቆሟን ከእኔ ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። "እኔ ራሴ የስኳር መርፌ እየተወጋሁ ነው የምሰብከው! ማነው መድኃኒት ተዪ ያላት?" እያሉ አለቀሱ። ማንም አላላትም። የዳነ ሰው ኪኒን አይውጥም ብላ ለራሷ የወሰነች እሷ ናት፤ ማንም ደግሞ የጠየቃት የለም። ከእኔ በቀር።

ሐኪሟ ሳሮን የምትባል ወጣት ናት። ራጁን ወደ መብራቱ አንስታ ለይዲድያና ለእኔ አሳየችን። "ብረቱ አንድ ነገር አልሆነም። እንደ ተገጠመ ነው" አለች። ከዚያ ሌላውን ራጅ አነሳች። "ችግሩ ልባቸው ነው። ያልታከመ ግፊት ለብዙ ዓመት ሲያደክመው ኖሮ በጣም ሰፍቷል። ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን በመድኃኒት እንይዘው ነበር። ትንፋሽ ማጠር ከጀመራቸው ስንት ጊዜ ሆነ?"

"ዛሬ ነው። ቅድም ነው" አለ ይዲድያ።

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ፀጋ አልጋው ላይ ሆና የኦክስጅኑን ጭምብል በእጇ ገፋ አደረገችና፣ "ሁለት ዓመት ሆነው" አለች። "ለማንም አልነገርኩም።"

ይዲድያ ደነገጠ። "ለእትዬ ወለላም?"

እኔን አየችኝ። አሁንም ድረስ ዓይኗ አይጠፋኝም። "ለእሷም" አለች።

ልጁ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሲንሰቀሰቅ ትከሻውን ደገፍኩት፣ እንደ ንጹሕ ሰው።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ጎንበስ ብዬ፣ "ለምን ዋሸሽልኝ?" አልኳት።

"እኔ መሄዴ ነው" አለችኝ፤ ሦስት ቃል ለመናገር ሦስቴ እያረፈች። "ልጁ እናት ያስፈልገዋል። ቢጠላሽ ማን ይቀረዋል?"

"እነግረዋለሁ" አልኳት። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ስድስት ቀን ቆይታ ሞተች። ስድሳ አራት ዓመቷ ነበር።

ለቅሶው ላይ ዘመዶቿ እኔን ከበው አጽናኑኝ። የፈራሁት አንዱም አልመጣም። "ያንቺ ብረት እኮ አሥራ ሁለት ዓመት አስኬዳት" እያሉ መረቁኝ። በየምርቃቱ አሜን እል ነበር።

አራት ወር ሆነ። ይዲድያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወርቃ ይመጣል። ሱቁን አብሮኝ ይዘጋል፣ ምሳውን እኔ ቤት ይበላል፣ ግፊቴን እንድለካ ይጨቀጭቀኛል። በመጣ ቁጥር ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ። ሳየው ግን እፈራለሁ። እሷን ማጣቴ ሳያንስ እሱንም ላጣ ነው እያልኩ እፈራለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ እየበላን እጁን ከገበታው መለሰና ትክ ብሎ አየኝ።

"እትዬ ወለላ፣ እማዬ ለእርስዎ ነግራዎት ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበረች። እርስዎ እኮ ጎትተውም ቢሆን ይወስዷት ነበር" አለኝ።

"አዎ ልጄ፣ እወስዳት ነበር" አልኩት።