ጥፋቱ የሂናው ነው

እህቴ ሱልጣና ግትር ነበረች። ላስ ቬጋስ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሆቴል ክፍል ስታጸዳ፣ በአንድ ሺፍት አሥራ አራት አልጋ አንጥፋ ስትመጣ፣ አንድም ቀን "ደከመኝ" ስትል አልሰማሁም። መታመሟን ያወቅነው እንኳ ሥራ ላይ ስትወድቅ ነው። ሐኪሞቹ ደረቷ ላይ፣ ከቆዳዋ ሥር፣ ትንሽ መሣሪያ ቀበሩላት። ልቧ በደቂቃ ከስልሳ በታች መምታት ሲጀምር ቀስቅሶ ወደ ስልሳ የሚመልሰው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ እኔ ጠባቂዋ ሆንኩ። በየጠዋቱ የልብ ምት መቁጠሪያውን ጣቷ ላይ ሰክቼ ቼክ አደርጋለሁ። ስልሳ፣ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ አራት።

"በድሪያ፣ ፖሊስ ሆነሽብኝ ቀረሽ" ትለኛለች።

አምና ለዒድ ሂና ቀባኋት። ጣቶቿን ከነጥፍራቸው አጠቆርኳቸው፤ እሷ የምትወደው እንደዚያ ነው። በማግስቱ መቁጠሪያው አርባ አንድ አለ። ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ክሊኒክ ስደውል ነርሷ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ጣት ላይ ጥቁር ቀለም ሲኖር መቁጠሪያው ሊሳሳት ይችላል፤ ግራ የሚያጋባ ቁጥር ካየሽ የእጇን አንጓ ያዢና ሙሉ ደቂቃ ራስሽ ቁጠሪ፤ ከስልሳ ካነሰ ወይም ካዞራት ወዲያው ደውይ አለችኝ። ያን ቀን ቆጠርኩ፤ ስልሳ ሁለት ሆነ። ተሳሳቅን። ከዚያ ሁሉ ምክር ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ግን ሂናው ብቻ ነው።

ዘንድሮም ለዒድ ቀባኋት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለሥራ ስትለብስ መቁጠሪያው ሠላሳ ስምንት አለ።

"ዛሬስ ትንሽ ያዞረኛል" አለችኝ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ።

ያቺ ደከመኝ የማታውቀዋ ሱልጣና እንዲህ ስትል እንኳ አልነቃሁም።

"አብሽሪ፣ ሂናው ነው። አምናም እንዲሁ ብሎን አልነበር?" አልኳት። የእኔም ሺፍት ደርሶ ነበር፤ ቁልፌን አንስቼ ወጣሁ።

እሷም አመነችኝ። ሥራ ገብታ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ወደቀች። ከዚያ አልተነሳችም። መሣሪያውን ከልቧ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ከቦታው ተንሸራቶ ነበር አሉን። ቁጥሩ ትክክል ነበር። መቁጠር የሚፈጅብኝ አንድ ደቂቃ ነው፤ ወላሂ፣ አንድ ደቂቃ።

ሰው ሊያጽናናኝ ይመጣና "የአላህ ውሳኔ ነው" ይለኛል። እሺ እላለሁ። ውስጤ ግን እርር ይላል።

ገላዋን ያጠብነው እኔና ጎረቤታችን ሃዲያ ነን። ሂናው ገና አልደበዘዘም ነበር። ሃዲያ ውኃ ስታፈስ እኔ የእህቴን አንጓ ይዤ ቀረሁ።

"ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

"እየቆጠርኩ ነው" አልኳት።

ማሰሮውን አስቀምጣ ሙሉ ደቂቃ ጠበቀችኝ።