የአንገቴ እድፍ

እናቴ አንገቴን በሎሚ መፈተግ የጀመረችው ሕፃን ሳለሁ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ልደታ አንድ ጠበቃ ቢሮ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ማጅራቴ ላይ ጠቆር ያለ ነገር ወጣ። እሷ እድፍ ነው አለች።

«የተማረ ሰው አንገቱን አይታጠብም?» እያለች በኮንዶሚኒየማችን ግቢ፣ ጎረቤት እያየ ትፈትገኛለች። ቆዳዬ ቀላ እንጂ ጥቁረቱ ንቅንቅ አላለም። በዚያ ላይ አገጬ ላይ ፀጉር ብቅ ብቅ አለ፤ የወር አበባዬም ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ወራት ይጠፋል። ለዚህኛው አክስቴ መድኃኒት ነበራት፦ «አግቢ፣ ይስተካከላል።» ባሉ ከየት እንደሚመጣ ግን አልነገረችኝም።

ሐኪም ቤት ስሄድ እናቴ ካልተከተልኩ ብላ አብራኝ ገባች። ሐኪሟ አንገቴን እንዳየች «ቤተሰብ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው አለ?» አለች።

«እኔ አለብኝ» አለች እናቴ። «እሷ ግን የአባቷ ወገን ናት። እኔን በምንም አትመስልም።»

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። «ስኳር በሽታ ገና አልያዘሽም። ኢንሱሊንም ሞልቶሻል፤ ሰውነትሽ ግን አልሰማው ብሏል። ስለማይሰማው ኢንሱሊኑ ይበዛል፣ ሲበዛ ሌሎቹን ሆርሞኖች ያናጋል። ፀጉሩም፣ የወር አበባሽ መዛባትም፣ የአንገትሽ ጥቁረትም ከዚሁ ነው። እናት ወይም አባት ስኳር ሲኖርባቸው ልጆች ላይ ይሄ ይታያል።»

«ታዲያ እድፍ አይደለም?» አለች እናቴ።

«አይደለም፣ እናቴ። እባክዎ መፈተጉን ይተዉላት።»

ታክሲ ውስጥ እናቴ እጄን ያዘች። «ከእኔ ነው ማለት ነው» አለች። አዝናለች፤ ትንሽ የኮራችም መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዋ እኔ ሆንኩ። ለራሷ ዓመታት ሙሉ ሲነገራት አንዱንም ያልሰማችውን ምክር ለእኔ በቃሏ ትወጣው ጀመር። ስኳሩን ከቤት አስወጣች፤ ለስላሳ ከለከለች። ጠዋት ጠዋት ቀስቅሳ እስከ ጌጃ ሰፈር በእግር ታስኬደኛለች። እንዳላጭበረብራት ራሷም ትከተለኛለች።

ከወራት በኋላ ሁለታችንም ተመረመርን። የወር አበባዬ መስመር እየያዘ ነበር፤ አንገቴ ግን ብዙም አልነጣም። ሐኪሟ «ለውጥ አለ፣ ግን ገና ነው፤ በርቺ» አለችኝ። የእናቴ ስኳር ግን እንደዚያ ወርዶ አያውቅም። ሐኪሟ ብድግ ብላ እጇን ጨበጠቻት።

«አየሽ» አለችኝ እናቴ፣ ደረጃውን እየወረድን፣ «ዋናው ምክር መስማት ነው።»