መርሳ በብስክሌት የገባሁ ቀን

ባለፈው ሰሞን ወልድያ፣ አስፋልቱ ዳር ሻይ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ወጣት ከሩቅ አገር ብቻውን በብስክሌት ተጉዞ ደረሰ። ባለባጃጆቹ ክላክስ አደረጉለት። ጎረምሶች ከበው በስልክ ሲያነሱት አንዷ ልጅ «ስትጨርስ ምን ተሰማህ?» አለችው። «ደስታ ነዋ» አላት፣ ላቡን እየጠረገ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ መንገድ ጨርሻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ ነገር ማሳመር አልችልበትም፤ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ያን ጊዜ መቀሌ የግንበኛ ረዳት ነበርኩ። እዚያ አገር ብስክሌት እንደ በቅሎ ነው፤ ትንሽ ትልቁ ይነዳል። እኔም አንድ አሮጌ የቻይና ብስክሌት ገዛሁና ጥቅምት ላይ ብቻዬን ነድቼ አገሬ መርሳ እገባለሁ ብዬ ማልኩ። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭነህ ሂድ ያሉኝን ሰደብኳቸው። ማይጨው ላይ ብርዱ አጥንቴ ገባ። ከኮረም ወደ አላማጣ በሚወርደው የግራት ካህሱ ጠመዝማዛ የፍሬኑ ጎማ እስኪሸት ድረስ ጋለ። ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላው ግራና ቀኝ ቆሞ፣ በመሀሉ ስሄድ ወበቁ ትንፋሽ ይነሳል። ቆሎ በላሁ፣ ገበሬ የሰጠኝን እሸት በላሁ፣ ሰው በረንዳ ላይ አደርኩ። አንድም ቦታ አልፈራሁም። ፍርሃቱ የጀመረው ወልድያ ገብቼ፣ ዘመድ ካገኘሁ በኋላ ነው።

ጋሽ ደምሴ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ወልድያ ጎማ ይጠግኑ ነበር። ምላሳቸው እንደ ሚጥሚጣ ነው። አግኝተውኝ ሳይሰድቡኝ ቀርተው አያውቁም። ያን ዕለት ረፋድ ላይ ስደርስ ቤታቸውን እየዘጉ ነበር። ብስክሌቱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ጋሼ፣ ከመቀሌ እኮ ነው ነድቼ የመጣሁት» አልኳቸው፣ ስድቤን እየጠበቅኩ።

«ጎበዝ ልጅ» አሉኝ።

ጋሽ ደምሴ ጎበዝ ልጅ የሚሉ ሰው አይደሉም።

ምግብ ቤት አስገብተው ጥብስ አዘዙልኝ። እሳቸው አልነኩትም።

«ብስክሌቱ እዚህ ይቆይ። በሚኒባስ አብረን እንሂድ።»

«እርስዎ ደግሞ ምን ሊያደርጉ?»

«እንዲያው መርሳ ጉዳይ አለኝ።»

«እናቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ሁሉም ደህና ነው። ብላ።»

በእኛ አገር መርዶ ለመንገደኛ አይነገርም። ቤቱ ይገባል፣ ዘመድ ይከበዋል፣ ያን ጊዜ ይረዳል። እስከዚያ ግን ያየው ሁሉ ያበላዋል፣ ብቻውን አይተወውም፣ የጠየቀውን ሁሉ ደህና ነው ይለዋል። ይህን አውቃለሁ፤ እኔም በሌላ ሰው ላይ አድርጌዋለሁ። ጥብሱ አፌ ውስጥ ጨርቅ ሆነ።

በሚኒባስ አልሄድም አልኩ። ኩራት መሰላቸው። ቶሎ ያደርሰኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

ከከተማው ብዙም ሳልርቅ ሚኒባሱ ከኋላዬ መጣ። ክላክስ አላደረገም። ቀስ ብሎ ሲያልፈኝ በመስኮቱ የማውቃቸውን ፊቶች አየሁ፤ ሁሉም ወደ ሌላው ወገን ዞሩ። ጋሽ ደምሴ ብቻ አዩኝ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

ከዚያ ወዲያ መቅበር ጀመርኩ። ቤት ያሉኝ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ አየለና እህቴ ብርቄ ናቸው። ዳገቱን ስወጣ የሞተችው እናቴ ነበረች። ቁልቁለቱን ስወርድ ብርቄ ሆነች። አየለ በሬ ነው፣ እሱን ምንም አይነካውም ብዬ ተውኩት፤ ቆይቼ እሱንም ቀበርኩት። ከዚያ እንደገና እናቴን። አንዱን ሞት ደብቀው የቤቱን ሁሉ ሬሳ አሸከሙኝ።

ሲሪንቃ ላይ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። የእናቴ ጓደኛ እትዬ ዘነቡ መንገድ ዳር ብርቱካን ይሸጡ ነበር። ወርጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

«እትዬ፣ ማን ነው? ይንገሩኝ።»

«ምኑ?»

«የሞተው።»

«አንተ ልጅ፣ ፀሐይ መቶሃል። እንካ ይህችን ብላ።» ብርቱካን ልጠው ሰጡኝ።

«እናቴ ናት?»

«አብሽር ልጄ። ቀስ ብለህ ሂድ፣ አትቸኩል።»

ቀስ ብዬ ሄድኩ። እንዲያውም ብስክሌቱ ላይ አልወጣሁም። የግራት ካህሱን ቁልቁለት የወረደ ሰው፣ ደህና አስፋልት ላይ እየገፋሁ፣ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር እየተቀመጥኩ። እኔ ካልደረስኩ ማንም አልሞተም። መርሳን እንደ ገደል ፈራኋት።

ስደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ወደ ሰፈራችን መታጠፊያው ላይ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ብዙ ሰው አጋጠመኝ። ቀብሩ አልቋል። መሀል ላይ ሁለት ሴቶች አንዲት ፊቷን የነጨች ሴት ደግፈዋል። እናቴ ናት። በእግሯ ትሄዳለች።

ብስክሌቱ ከእጄ ወደቀ። ሳቅሁ። አፌን በእጄ ብይዘው አልያዝ አለኝ። «አለሽ፣ እናቴ፣ አለሽ» እያልኩ በለቀስተኛው ፊት ሳቅሁ።

«አየለ ነው» አለችኝ። «ሆዱን ቁርጠት ይዞት አድሮ ሲነጋ አለፈ። ምነው ትንሽ ብትቀድም፣ አሁን አፈር አልብሰነው መምጣታችን ነው።»

ጋሽ ደምሴ በኋላ «ብነግርህ ኖሮ ከአንዱ ቁልቁለት ወድቀህ ሁለት ሬሳ እናነሳ ነበር» አሉኝ። ይሆናል። ቢነግሩኝ ግን ሚኒባሱ ላይ እወጣ ነበር፤ ወንድሜን እሸኘው ነበር። መርሳም እስከ ዛሬ ከመቀሌ በብስክሌት የመጣ ብላ አታውቀኝም። በወንድሙ ቀብር የሳቀ ብላ ነው።

አሁን ሰው ሁሉ ስልክ በኪሱ ይዟል፤ መርዶው ግን ያው ነው። ዓምና የልጄ የክርስትና እናት አረፉ። ልጄ አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። ጎረቤቶች ተሰብስበው «ትንሽ አሟቸዋል፣ ነይ እንበላት፤ ስትመጣ ትረዳለች» ብለው መከሩ። ወጣሁና ደወልኩ። «የክርስትና እናትሽ ሞተዋል። ቀብሩ ነገ ነው። አልቅሺና መኪና ያዢ» አልኳት። ጩኸቷ ሳሎን ድረስ ተሰማ። ሚስቴ አውሬ አለችኝ። ልጄም አባት እንዲህ አይናገርም ብላ ተቀይማኛለች፤ ዛሬም ስትደውል «እናቴን አቅርብልኝ» ነው የምትለው።

ለቀብሩ ግን ደርሳለች።