ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ የላላው ፍሬን

ባለቤቴ ሹፌር ናት፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ላሊበላ ውስጥ ይህን ስናገር መጀመሪያ የሚስቁ፣ ቀጥለው "እውነትክን ነው?" የሚሉ ሰዎች ሰልችተውኛል። አሁን አሁንማ የሚስቅብኝን ሰው ሱሪ ቶሎ አላደርስም።

አሮጌ ፒካፕ አለቻት። ገብስም ስሚንቶም በግም ሰውም ያገኘችውን ትጭናለች። መንዳቱን ቆይታ ነው የተማረችው፤ መፍታትና መግጠሙን ግን ከአባቷ ወፍጮ ቤት ይዛው አድጋለች። ሞተር ድምፁን ሲቀይር አንገቷን ዘንበል አድርጋ ካዳመጠች ይበቃታል። የእኔ የማሽን እውቀት ከስፌት መኪናዬ መርገጫ አያልፍም።

ያን ቀን ይምርሐነ ክርስቶስ በዓል አክብረን እየተመለስን ነበር። ጎረቤቶቻችን ከኋላ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ እኔ ጋቢና ውስጥ ከጎኗ ነኝ። ረጅሙ ቁልቁለት የሚጀምርበት አፋፍ ላይ ስንደርስ ዳር ይዛ ቆመች። የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ወርዳ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈች፣ ከዚያ በእኔ መስኮት በኩል መጥታ "ፍሬኑ ላልቷል። እንዲህ ሆኖ አልወርድም" አለችኝ።

በዚያው ሳምንት የፊት ፍሬን ሸራ አስቀይራ ነበር። ፔዳሉ ለስለስ ሲልባት የጋራዡ ሠራተኛ "አዲስ ሸራ እስኪላመድ ነው" ብሎ ሸኝቷታል። ስንሄድ መንገዱ አብዛኛው ዳገት ስለነበር ያን ያህል አላስቸገራትም። ስንመለስ ግን በየቁልቁለቱ እየባሰ መጣ።

ከኋላ ጉርምርምታ ተነሳ። ከሁሉም የባሱት አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ ነበሩ። "ምነው ቆምን? ስንመጣ በደኅና መጥተን የለ? ወንድ ሹፌር ቢሆን እኮ ይሄኔ ከቤታችን ነበርን! ሴት ልጅ ቁልቁለት ስታይ ትፈራለች፤ ምን ይደረግ!" አሉ። ሌሎቹ ሳቁ። ደሜ ፈላ። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማ እንደሚገባ ሁለታችንም እናውቃለን። "ፈርታ መንገድ ላይ አወረደችን" ከተባለች ከዚያ ወዲያ ማን ይሳፈርላታል? ወርዳ ፍሬኑ ቢከዳት ደግሞ ገደሉ እዚያው ከሥራችን ነው። እሷ ግን ሲያሙኝ ይዋሉ ያለች ይመስል እጅጌዋን ሰበሰበችና "ውረዱልኝ፤ ሠርተነው እንሄዳለን" አለቻቸው።

ፔዳሉን ረገጠችው፤ እስከ ወለሉ ወረደ። ደጋግማ ስትረግጠው ከፍ ከፍ እያለ መጣ። ከዚያ ረግጣ ያዘችውና ጠበቀች። አልሰመጠም።

"ዘይት የሚያፈስ ቢሆን ወይም ፓምፑ ቢበላሽ እንደያዝኩት ይሰምጥብኝ ነበር" አለችኝ። "ይሄ አየር ነው።"

ጎማዎቹን በየተራ ከውስጥ በኩል ዳበሰች፤ ደረቅ ናቸው። የፍሬን ዘይቱም አልጎደለም። የፊቱን ጎማ በክሪክ አንስታ ፈታችና ሸራዎቹን አቅፎ የሚይዘውን ብረት ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰችው። አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚሸሸው፤ ስለዚህ እሱን ማስወጫዋ ትንሿ ቡሎን ከላይ መሆን አለባት። የእኛዋ ቁልቁል ታያለች። ሠራተኛው ሸራ ሲቀይር ሁለቱንም ብረቶች አውርዶ የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ ገጥሞታል። ዘይቱ ከታች ቢወጣም አየሩ ከላይ ተዝናንቶ ተቀምጧል። ስድብ ጠብቄ ነበር። "ቸኩሎ ነው" ብቻ አለች። ለሁለታችንም የሚበቃውን እኔ ሰደብኩት።

መፍትሔዋ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ብረቱን ከቦታው ፈታ፣ ከነቱቦው ገልብጣ ወደ ላይ ይዛው፣ ቡሎኗ ሽቅብ ስትሆን አየሩን ልታስወጣ ነው። ግን በሸራዎቹ መሀል ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ዲስክ በውፍረት የሚያክል ነገር ካልገባ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ የውስጡ ዕቃ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ዙሪያዋን ቃኘችና ዓይኗ ሽማግሌው ላይ አረፈ።

"አባባ፣ ዱላዎን ይስጡኝ እስኪ።"

"ዱላዬን? ምን ልታደርጊው?"

"ጫፉን ልቆርጠው።"

"አንች! ከቆረጥሽው በምን እሄዳለሁ?"

"ካልቆረጥኩት እስከ ላሊበላ በሱ ነው የሚሄዱት።"

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ዱላውን ሰጧት፤ ጫፉን ቆርጣ፣ በቢላ ጠርባ ልኩን ስታስገባው ተጠግተው እያዩ ነበር። ብረቱን ገልብጦ የሚይዝላት ሰው ስትፈልግም ጋቢያቸውን አጣፍተው ቁጢጥ አሉ።

እኔ ፔዳሉ ላይ ተሾምኩ። "ርገጥ… ርገጥ… ያዝ!" ትላለች፤ ቡሎኗን ስትከፍት እግሬ ወለል ድረስ ይወርዳል፤ ስትዘጋ "ልቀቅ!" ትለኛለች። ቡሎኗ ላይ የሰካችው ቀጭን ቱቦ በሚገባበት የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ አረፋው እየተንተከተከ ሲወጣ ሽማግሌው "ኧረ ጉድ! ይሄ ሁሉ ንፋስ!" እያሉ ለቆሙት ይናገራሉ። ከመቀመጫ ሥር ባስቀመጠችው ዘይት የጎደለውን እየሞላች፣ አንዱን ጨርሳ ወደ ሌላው ጎማ ዞረች። ቀስ በቀስ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ጠነከረ። ብዙ ነገር ረግጬ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ያስደሰተኝ የለም። ክንዷ እስከ ክርኗ በዘይትና በአቧራ ተለውሷል፣ ነጠላዋ ወገቧ ላይ ታስሯል፣ እኔም ይቺ ሴት ምን አይታ አገባችኝ እያልኩ ነበር።

ሁሉንም እንደነበረ መልሳ ገጠመች፤ አየሩ ከወጣ ወዲያ ቡሎኗ ቁልቁል ብታይም ግድ የለም። ሰዎቹ ሊሳፈሩ ሲንቀሳቀሱ እጇን ዘርግታ ከለከለች። "መጀመሪያ ባዶውን ወርጄ እሞክረዋለሁ።"

እኔ አስቀድሜ ጋቢና ገብቻለሁ።

"አንተም ውረድ።"

"እንዴት? የረገጥኩት እኔ አይደለሁም እንዴ! ሠርቶ የለ?"

"ሠርቷል። ግን ሁለታችንም አንድ መኪና ውስጥ ሆነን አንሞክረውም። ልጆቹ ቤት ናቸው።"

ወረድኩ። ሁላችንም አፋፉ ላይ ተደርድረን አየናት። ጥቂት እንደወረደች የኋላው ቀይ መብራት በራ፤ መኪናዋ ቀጥ አለች። ለቀቀችው፣ ፈጠን ብላ ወረደች፣ እንደገና ያዘችው። ከዚያ ኩርባው ዞሮ ሰወራት። ሽማግሌው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ዳገቱን ይዞ ሲመለስ "ተመስገን!" ብለው ጮኹ፤ መኪናዋ ዞራ ስትቆምም ቀድመው የወጡት እሳቸው ናቸው።

ከጎኗ ተቀመጥኩ።

"ፈርተሽ ነበር?" አልኳት፣ ኋላ ያሉት እንዳይሰሙ ዝቅ አድርጌ።

"ታዲያስ! አንተ ብትሆን አትፈራም?" አለችና አንደኛ ማርሽ አስገብታ ሁላችንንም ይዛ ቁልቁለቱን ጀመረችው።