የሶራክሳኑ አሚር

ሜልበርን ውስጥ፣ ኬንሲንግተን ከምንኖርበት ፎቅ ከእኛ በላይ ያለው መሐመድኑር ስለ ሶራክሳን ማውራት ከጀመረ፣ የቀዳሁለት ሻይ በረዶ ይሆናል። ሶራክሳን የኮሪያ ተራራ ነው። ከአገሪቱ በስተምሥራቅ፣ ከባሕሩ ጥግ ብድግ ብሎ ከሺህ ሰባት መቶ ሜትር በላይ ይወጣል። ኮሪያን ካርታ ላይ አሳዪ ብባል የምደናገረው እኔ ሲሃም ይህን በቃሌ የማውቀው ከእሱ አፍ ነው። የሕንጻው ሐበሻ ሁሉ እንደኔው ነው።

መሐመድኑር ሶክቾ በምትባል የኮሪያ የወደብ ከተማ አምስት ዓመት ሠርቷል። ሜልበርን ያመጣችው ሚስቱ ዙሃራ ናት። አሁን ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ከሺፍት ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጀርባውን ይዞ ነው። ስለ ሶራክሳን ሲጠየቅ ግን ድካሙ ሁሉ ብን ይላል። ቅጠሉ መቅላት የሚጀምረው ከአናቱ ነው፣ ይላል፤ መስከረም አጋማሽ ላይ ጫፉ ይቀላና ቀለሙ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ይወርዳል፣ ሸለቆው ሲደርስ ጥቅምት ይጋመሳል። ደግሞ አንድ ሰው ገፋ ሲያደርገው የሚወዛወዝ፣ መቶ ሰው ቢረባረብበት ግን የማይወድቅ ድንጋይ አለ። «በዚህ እጄ ገፍቼዋለሁ» ብሎ መዳፉን ያሳየናል።

ከሁሉ የሚወደው የኡልሳን ባዊን ወሬ ነው። ባለ ስድስት ጫፍ የግራናይት ግንብ ነው፣ ቅጠል የማይበቅልበት። ኮሪያዎች እንደሚሉት ይህ ድንጋይ አገሩ ሌላ ነበር፤ ከሰሜን በኩል ድንቅ ተራራ ሊሠራ ነው ሲባል ሰምቶ እሱም አንዱ ጫፍ ልሁን ብሎ ተነሣ። ከባድ ነውና መንገድ ላይ ዘገየ። ሲደርስ ቦታው ሞልቷል። ባዶ እጁን አገሩ መመለስ አፈረ፤ ሶራክሳን ላይ ቁጭ አለና በዚያው ቀረ። ይህን ሲያወራ መሐመድኑር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እኔ ለማሳመር መስሎኝ ነበር።

ልጁ ኒስሪን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በአማርኛ ሲያወሯት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ትምህርት ቤቷ ውስጥ ስለ አንድ ተራራ ተናገሩ ሲባሉ እሷ ሶራክሳንን ተናግራ፣ «አባቴ ጫፉ ላይ ቆሟል» ብላ አስጨበጨበች። ያን ዕለት መሐመድኑር ኬክ ገዝቶ ገባ።

ከዒድ በኋላ በነበረው ቅዳሜ የሕንጻው ቤተሰቦች አውቶቡስ ቡክ አድርገን ዩ ያንግስ ሄድን። ከዋይንድሃም ቬል ባሻገር ከለጥ ያለ ሜዳ ላይ ድንገት ብቅ ያሉ የግራናይት ኮረብቶች ናቸው። ወሎ ቢሆን ስም እንኳ አያወጡላቸውም። ሜዳ ለለመደ የሜልበርን ሰው ግን ተራራ ናቸው።

በእኛ ልማድ ሰው ተሰባስቦ መንገድ ሲወጣ አንድ አሚር፣ የጉዞ መሪ፣ ይሾማል። አሚሩን የሚቀድም የለም። ሲሄድ ይኬዳል፣ ሲቆም ይቆማል፣ ሲመለስ ሁሉም ይመለሳል። ማታ ሁሉም በሰላም መግባቱን አይቶ ከመኪናው መጨረሻ የሚወርደውም እሱ ነው።

«ሶራክሳንን የወጣ ሰው እያለ ሌላ ማንን እንሹም?» አሉ ሽማግሌያችን ጋሽ ሱለይማን።

«አንቱ እያሉ እኔ? አይሆንም ጋሼ» አለ መሐመድኑር። ግንባሩ በላብ ረጥቧል። ትሕትናው ነው ብዬ ማሻአላህ አልኩ።

እስከ ደረጃው ድረስ ደህና ሄድን። ደረጃው ግማሽ ላይ ስንደርስ በአንድ ወገን ሜዳው እስከ ባሕሩ ተዘርግቶ ታየ። መሐመድኑር ወደዚያ አንድ ጊዜ አየና ቆመ። እኛም ቆምን። ልጅ ያዘለች፣ ምግብ የተሸከመ፣ ሁሉም በየደረጃው ላይ ተሰልፎ ቀረ። ፈረንጆቹ «ሶሪ፣ ሶሪ» እያሉ በጎናችን ያልፋሉ። ከእኛ ግን አሚሩን የሚያልፍ የለም።

«ንቆት ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። «ሶራክሳንን ያየ ሰው ይሄ ምኑ ነው!» ተሳቀ።

«እዚህ ትንሽ አየር እንውሰድ» አለና መሐመድኑር የኡልሳን ባዊን ወሬ ጀመረ። እኔ ከበታቹ ነበርኩ። እጁ የብረቱን መደገፊያ አንቆ ይዟል። የመርካቶ ልጅ! ዘሩ ከወሎ ይሁን እንጂ ከሱቅ መሰላል በላይ የወጣበት ከፍታ እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ኒስሪንም እጁን አየች። ቀጥላ ፊቱን አየች። ከዚያ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

«አባዬ፣ አዞረኝ። እንውረድ» አለች በእንግሊዝኛ።

አባት እጇን ያዘና ወደ ታች ዞረ። አሚር ሲመለስ መመለስ ነውና ሁላችንም ጫፉን ሳናይ ወረድን። ልጆቹ አኮረፉ። ጋሽ ሱለይማን ግን ትከሻውን መታ አድርገው «አባት ማለት እንዲህ ነው፤ ለልጁ ብሎ ጫፉን ተወ» አሉት። መሐመድኑር ምስጋናውን ዝም ብሎ ተቀበለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው የሚመርጥ ሰው ፊት ነበረው፤ ግን ተቀበለ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ የጎረቤታችን የእትዬ ማንተግቦሽ የልጅ ልጅ ሙዓዝ ኒስሪንን ይነዘንዛታል። «አባትሽ ሶራክሳንን ከወጣ ለምን ፈራ?» ይላታል።

«እሱ አልፈራም፤ እኔ ነኝ ያዞረኝ!» ብላ ጮኸች። «ድንጋዩን ለብቻው ገፍቶታል። በረዶ ሲወርድ ጫፉ ላይ ነበር። ፎቶ አለው፤ በዓይኔ አይቻለሁ!»

ፎቶ የሚባል ነገር የለም። ዙሃራ ከጎኔ ሆና ዓይኗን ጨፈነች። መሐመድኑር የገዛ ውሸቱን ከልጁ አፍ፣ ያውም ጨምራበት ሲሰማ፣ ወንበር ተደግፎ ተነሣ።

«ወገኖቼ፣ እኔ ሶራክሳንን አልወጣሁም» አለ። «ዓሣ ፋብሪካ ነበርኩ፣ ሆድ ዕቃ የማወጣ። የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም። ከተራራው በር ላይ ፖሊስ ይይዘኛል ብዬ ስፈራ አምስት ዓመት አለቀ። ድንጋዩን የገፋው አብሮኝ የሚሠራ ኮሪያዊ ነው። እዚህ ስመጣ ምን አይተህ መጣህ ስትሉኝ፣ የዓሣ አንጀት ልበላችሁ? አፈርኩ። ያ አፍሮ የቀረው ድንጋይ ብቻ ከማጠቢያው በላይ በነበረው መስኮት ይታየኝ ነበር። እሱን በየቀኑ አይቼዋለሁ።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ እኔ ግን ሲቀል አላየሁም፣ አውቶቡሱን ሞልቶት ነበር። ከኋላ አንዱ ሳቅ አፈነ። ሙዓዝ ግን ወደ ኒስሪን ዞሮ «ታዲያ የምን ፎቶ ነው ያየሽው?» አላት። ልጅቷ የሹራቧን ኮፍያ እስከ አፍንጫዋ ሳበች። መሐመድኑር እውነቱን ተናግሮ ራሱን ሲያቀል እሷን ውሸታም እንዳደረጋት የገባው ያኔ ነው። አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ኬንሲንግተን ደረስን። ሰዉ ዓይኑን እየሸሸ «በሰላም አደረስከን» እያለው ወረደ። ዙሃራም ዕቃ ይዛ ወረደች። እኔ ድስቴን ረስቼ ስመለስ መሐመድኑር በሩ አጠገብ ቆሟል። ኒስሪን ከመጨረሻው ወንበር አልተነሣችም። ስሟን ለመጥራት እንኳ አልደፈረም።

«አባዬ» አለች ከኮፍያዋ ሥር፣ በአማርኛ። «እኔም እኮ አላዞረኝም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እዚያው ደረጃው ላይ አውቀሃል?»

«እዚያው።»

«እያወቅህ ነው ጋሽ ሱለይማን ሲያመሰግኑህ ዝም ያልከው?»

መሐመድኑር ከበሩ ተመልሶ ከጎኗ ተቀመጠ። እኔም ድስቴን ሳልይዝ ወረድኩ።