ክኒን የጾሙት መሪጌታ

ዳባት ላይ ድሬሰር ሆኜ ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኝ ነበር። ክንዴ ብለው በስሜ የሚጠሩኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ናቸው። ምክንያት ነበራቸው። ልጅ ሳለሁ ዜማ ሊያስተምሩኝ ሁለት ክረምት ለፍተው፣ በሦስተኛው «ልጄ፣ እግዚአብሔር ድምፅ ሲያድል አንተ ውኃ ልትቀዳ ወርደህ ነበር መሰለኝ፤ አስኳላ ግባ» ብለው አሰናበቱኝ። አልተቀየምኋቸውም ብል ውሸት ነው። ግን እውነታቸውን ነበር፤ እስከ ዛሬ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስዘምር አጠገቤ የቆመ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል።

መሪጌታ ከዳባት የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የገጠር ደብር የዜማ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ከጃናሞራም ከአዲ አርቃይም ይመጣሉ። አጭር፣ ከሲታ፣ ቁጡ ሰው ናቸው፤ ያ ድምፅ ከዚያ ደረት ይወጣል ብሎ የሚገምት አልነበረም። «መሪጌታ ሲያዜሙ በሬው እርሻ ያቆማል» ይባል ነበር። በሬው እንኳ አያቆምም፤ አራሹ ግን ያቆም ነበር።

በ1977 ዓ.ም. አንድ ወንድ ልጃቸው፣ ድረስ የሚባለው፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። በዓመቱ ኅዳር ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መርዶ ይዞ መጣ። ልጁ ሰሜን ግንባር ወድቋል፤ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም። ከተዝካሩ በኋላ መሪጌታ ተኙ። ትኩሳት የለ፣ ቁስል የለ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙና አልነሣም አሉ። ሚስታቸው ወለተ ማርያም ምግብ ስታቀርብ ሁለት ጉርሻ ይቀምሳሉ፤ ከዚያ በቃ። ተማሪ ቢመጣ አያዩትም። ተማሪዎቹ ጓሮ ተቀምጠው ዜማውን እንዳሻቸው ሲያበላሹት ቀና ብለው አልተናገሩም። ጠበል ተወሰዱ፣ ተጸለየላቸው፤ እኔም ያለኝን ቫይታሚን ሁሉ ወጋኋቸው። ጠበሉ ረድቷቸው ይሆናል፤ የእኔ መርፌ ግን ምንም እንዳልሠራ እመሰክራለሁ።

በአራተኛው ወር በቃሬዛ አስፋልት ድረስ አውርደን በጭነት መኪና ጎንደር ወሰድናቸው። አንድ ወጣት ሐኪም ብዙ ጠየቃቸው፤ ጥቂት መለሱለት። «ሐዘኑ ወደ በሽታ ዞሮባቸዋል» አለና አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን አዘዘ፤ ጠዋት አንድ፣ ቀትር አንድ፣ ማታ አንድ። እኔ በየወሩ ከጎንደር እያስመጣሁ እሰጣቸው ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ቁጭ አሉ። በወሩ ፀሐይ ላይ ወጡ። ሐምሌ ላይ አንድ ተማሪ ተቆጡ፤ ወለተ ማርያም ይህን ልትነግረኝ በዚያ ጭቃ ዳባት ድረስ መጥታ ክሊኒኩ በር ላይ እልል አለች።

ታዲያ ክኒኑ አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው፤ አፍ ያደርቃል። እኔና እናንተ ብንሆን ውኃ ጠጥተን እናልፈዋለን። ለዜማ መምህር ግን ምላስ ላንቃ ላይ ሲጣበቅ ለገበሬ እጁን እንደ መታሰር ነው። ድጓውን ይጀምሩና መሐል ላይ ድምፃቸው ይሰነጠቃል፤ ተማሪው ያፍርላቸዋል፤ እሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው ይወጣሉ።

«ክንዴ፣ ነፍሴን መለስህልኝ፤ ድምፄን ግን ቀማኸኝ» አሉኝ አንድ ቀን።

ሐኪሙ ቢያንስ ዓመት ይዋጡት ብሎ ነበርና ይታገሡ አልኋቸው። ታገሡ። ዓመቱ አለፈ። «ልተወው?» ሲሉኝ «በሚቀጥለው ወር ሐኪሙን እጠይቅልዎታለሁ» አልሁ። ወሩ ሲደርስ ስብሰባ ተጠራን፤ በሚቀጥለው ደግሞ የክትባት ዘመቻ ነበር። በዚያ ዘመን ከስብሰባ መቅረት ምን እንደሚያስከትል የኖረበት ያውቀዋል። ቢሆንም ጥፋቱ የእኔ ነው።

እሳቸው ደግሞ ሐኪም ሲጠብቁ የሚኖሩ ሰው አልነበሩም። የ1979 የፍልሰታ ጾም ሲገባ እንደ ጥንት ልማዳቸው ሱባኤ ገቡ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ባለች አንዲት ጎጆ፣ በጥሬ ሽምብራና በውኃ። ባለፈው ዓመት ገና ደካማ ስለነበሩ የንስሐ አባታቸው ከልክለዋቸው ነበር። አሁን ግን የጠዋቱም የቀትሩም ክኒን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የሚዋጥ ነው፤ ጾም ያስፈርሳል ብለው አሰቡ። የማታውንስ ለምን ተዉት ቢባል፣ መልሳቸው «ጾም በሲሶ አይጾምም» ነበር። ብልቃጡን ለሚስታቸው እንኳ ሳይነግሩ ቤት ትተውት ሄዱ። በአገራችን ለጾም ብሎ መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው እልፍ ነው፤ ይህን በየዓመቱ እያየሁ ፍልሰታ ሲገባ አንዲት ቃል አልተናገርኋቸውም።

በስድስተኛው ቀን ወለተ ማርያም ክሊኒክ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ዶክተር፣ ገረሸባቸው» አለችኝ። «እንቅልፍ የላቸውም። ያልባቸዋል። የቀመሱትን ሁሉ ይመልሱታል። ዛሬ ደግሞ ተማሪዎቹን ሌላ መምህር ፈልጉ ብለው ሊያሰናብቱ ነው።»

ቦርሳዬን አንሥቼ ተከተልኋት። መንገዱን ሙሉ ሁለታችንም የምናስበው ያን ግድግዳ ነበር። ዳግመኛ ወደዚያ ከዞሩ በዚያ ዕድሜ የሚመለሱ አልመሰለኝም፤ ፈርቼ ነበር።

መሪጌታ ጎጆዋ ውስጥ ሣር ላይ ጋቢ ተከናንበው ተኝተዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«መጣህ?» አሉኝ። «እንግዲህ አበቃ። እግዚአብሔር ሱባኤዬን አልተቀበለውም። ቀና ስል መሬቱ ይዞርብኛል። ዓይኔን ስከድን የማየውን ሕልም ለጠላቴም አይስጠው። ተማሪዎቹ ወደ ሌላ ደብር ይሂዱ፤ እኔ ዳግመኛ ወደዚያ አልጋ ልወርድ ነው።»

ትኩሳታቸውን ለካሁ፤ የለም። ዓይናቸውን ገልጬ አየሁ፤ ቢጫ አይደለም። ታይፎይድ ነው አልሁ በልቤ፤ ድሬሰር ያልገባውን ሁሉ ታይፎይድ ነው የሚለው። መድኃኒት ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት ከውጭ አንድ ተማሪ ማዜም ጀመረ። መሪጌታ በዚያ ሁኔታቸው በክንዳቸው ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ይህ ደንቆሮ ማነው? ምልክቷን ዘለላት፤ ድፋቷን። ዓመት ሙሉ የለፋሁት ለዚህ ነው? ጥሩልኝ እስቲ።»

እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ እንደያዝሁ ቀረሁ። ያን ጊዜ አራት ወር ሙሉ ዜማው ጆሯቸው ሥር ሲበላሽ ምንም አላሉም። ያ በሽታ እሳቸውን ግድ የለሽ አድርጓቸው ነበር። አሁን የተኙት ሰው አቅለሽልሿቸዋል፣ ተነጫንጨዋል፣ እንቅልፍ አጥተዋል፤ ግን ግድ አላቸው። ይህ ሌላ ነገር መሆን አለበት አልሁ።

«መሪጌታ፣ ክኒኑን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው የዋጡት?»

«የጾሙ ዋዜማ።»

«ሦስቱንም ተዉት?»

«ጾም አይደለም እንዴ?»

ወለተ ማርያም እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔን ደግሞ ሣቅ አፈነኝ፤ ከደስታ የመጣ ሣቅ ነው።

«ገርሽቶብዎት አይመስለኝም» አልኋቸው። «ሰውነትዎ የለመደውን በአንድ ቀን ቢነጥቁት ተቆጥቶ ነው። በቅሎ እንኳ ከጨነቅ ተራራ ቁልቁለት ስትወርድ ልጓሟ ተይዞ፣ በቀስታ ነው። እርስዎ ከገደሉ ዘለሉ።»

«ታዲያ የነገረኝ ማን አለ?»

«ማንም» አልሁ። ማንም ያልሁት ራሴን ነው።

የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ ሚካኤል ተጠሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ሀብተ ሚካኤል» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ጾም አይሽርም። ጾም የሚሽረው እኔን ሳይጠይቁ እኔ አውቃለሁ ማለት ነው።»

መሪጌታ ተግሣጹን ሳይወዱ ዋጡት፤ ቀጥሎም ክኒኑን።

እኔ በማግስቱ ስብሰባውንም ሁሉንም ትቼ ጎንደር ወረድሁ። ሐኪሙ በእኔም በእሳቸውም አልተቆጣም። «በአንድ ጊዜ አይቆምም» አለ። «መጀመሪያ ወደ ሙሉው ይመለሱ። ሲረጋጉ በየጥቂቱ እየቀነስን እናወርዳቸዋለን። ሲቀንሱ ጥቂት ቀን ቢታመሙ አትደንግጡ፤ ቢበረታባቸው አንድ እርምጃ ተመለሱና ጠብቁ። ደግሞ ሦስቱንም ማታ በአንድነት መዋጥ ይችላሉ።» አንዲት ጥያቄ አስቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ጾሙና ክኒኑ ጭራሽ አይገናኙም ነበር።

መሪጌታ በሳምንቱ እንቅልፋቸው ተመለሰላቸው። ሐኪሙ የጻፈውን የመቀነሻ ወረቀት፣ በስንተኛው ሳምንት ስንት ሚሊግራም እያልሁ ሳነብላቸው እጃቸውን አነሡ።

«ይህን እኔ አልይዘውም። ስጠኝ።»

ወረቀቱን ገልብጠው በራሳቸው አቆጣጠር ጻፉት። የነቢያት ጾም ሲገባ ከሦስት ወደ ሁለት። በገና ሰው ሥጋ ሲቀምስ እሳቸው እዚያው ሁለት ላይ ይቆያሉ። ዐቢይ ጾም ሲገባ አንድ። ከደብረ ዘይት እሑድ ጀምሮ ግማሽ። በፋሲካ ባዶ። ሐኪሙ አየውና ሣቀ፤ ከእሱ ስሌት እምብዛም አልራቀምና ፈረመበት። በዚያ አገር በሐኪም የተፈረመ የጾም ሥርዓት ከዚያ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ነቢያት ደኅና አለፈ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሳቸውን አዞራቸው፤ ከጎረቤት ጋር በአንድ አጥር ተጣሉ፤ ከዚያ በረደላቸው። ዐቢይ ጾምም እስከ እኩሌታው ተጓዘልን። ደብረ ዘይት ላይ ክኒኑን በምላጭ ለሁለት ስከፍልላቸው ግን ያ ማቅለሽለሽና ያ ሕልም ተመለሰባቸው። ራሳቸው ውስጥ መብረቅ ብልጭ እንደሚል ነገሩኝ።

«ወደ አንድ ይመለሱና ሳምንት እንጠብቅ» ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። «ወደ ኋላ መመለስ ውርደት ነው።»

«ተማሪ ሲሳሳት ከየት ያስጀምሩታል?»

«ከመነሻው።»

«እኔንም ሁለት ክረምት ሙሉ ከመነሻው ነው ያስጀመሩኝ።»

አጉረመረሙ፤ ግን ተመለሱ። በሳምንቱ ግማሿን እንደገና ሞከርን፤ በዚህኛው ጊዜ ያዘች። በሆሳዕና ሰሞን ክሊኒክ ድረስ መጡና፣ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ እያየ፣ «ክንዴ፣ እይ» ብለው ደጃፌ ላይ እንትፍ አሉ። ምራቅ መጥቶላቸዋል። መትፋት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጥፌ ነበር፤ እያየሁት አለፍሁት።

በፋሲካ ክኒኑ ቆመ። አገር ሁሉ ሲፈስክ እሳቸው ከክኒን ጾም ያዙ። በዕለቱ አዜሙ፤ ድምፃቸው አልተሰነጠቀም። ሰው ደስ አለው፤ እኔም ደስ አለኝ፤ ግን ስጋቱ አለቀቀኝም። እስካሁን የያዛቸው ክኒኑ ቢሆንስ? ሐዘን ዳግመኛ ቢመጣባቸው በምን ይቆማሉ? ወለተ ማርያምም ይህንኑ ነበር የምታስበው፤ ጠዋት ጠዋት ከአልጋቸው መነሣታቸውን ሳታይ እሳት አታያይዝም ነበር።

ግንቦት አጋማሽ ላይ እየሮጠች መጣች።

«ያለቅሳሉ» አለችኝ። «የድረስን ሹራብ ከሣጥን አውጥተው ያለቅሳሉ። ዶክተር፣ በመርዶው ዕለት እንኳ እንባ አልወጣቸውም ነበር።»

ብልቃጡን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ያን የአንድ ሰዓት መንገድ በግማሽ ጨረስነው። መሪጌታ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሹራቡ ጭናቸው ላይ ነው፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ክኒን ይዘህ መጣህ?»

«ይዣለሁ።»

«መልሰው። ይህ ሌላ ነው።» ሹራቡን አጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት። «ያን ጊዜ ልጄ መሞቱን በቅጡ አላወቅሁም። እኔው ራሴ አልነበርሁማ። አሁን አለሁ፤ አሁን አወቅሁት። ተወኝ፣ ልጄን ላልቅሰው።»

ከዚያ ወደ ሚስታቸው ቀና አሉ። «አንቺም ነይ፤ ተቀመጪ።»

ወለተ ማርያም አጠገባቸው ተቀመጠች። ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ አለቀሱ። እኔም አጥሩን ተደግፌ አለቀስሁ፤ ምን ይደብቀኛል። ጎረቤቱ ሲሰማ እየመጣ ተቀመጠ፤ ያለ ዕድር ጥሪ ልቅሶ ሆነ። ከቀትር በኋላ ሽሮ ቀረበ፤ መሪጌታም በሉ።

ያም ሆኖ እንቅልፍ የተኛሁ አይመስላችሁ። በማግስቱ ማልጄ፣ እዚያ ሰፈር የምጠይቀው በሽተኛ አለ ብዬ ለራሴ ዋሽቼ ሄድሁ። ወለተ ማርያም በር ላይ ቆማ ጤፍ ታበጥር ነበር። አየችኝና ሳልጠይቃት «ከተነሡ ቆዩ» አለችኝ።