ኮልፌ ላይ የተቀበረው ዘር

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ አባቴ አንድ አህያ ማሽላ ጭኖ ኮልፌ ቤታችን የመጣ ዕለት፣ የሚበላ ይዞልን መጣ ብዬ ነበር የተደሰትኩት። ባለቤቴም ጎኔን ጎሸም አድርጎ "ዘንድሮስ ጠገብን" አለኝ። አባቴ ግን ጆንያውን ሳያራግፍ "ይህ የሰው አደራ ነው፤ አንድ ፍሬ እንዳይነካ" አለን።

አገራችን ገደል ሥር ነው፤ የኖራ ድንጋይ አገር፣ ዋሻ በዋሻ። ዝናብ ቢዘንብም መሬቱ ወዲያው ውጦት ይደርቃል። የመንደሩ ሁሉ ዘር የሚቀመጠው በአንድ ትልቅ ዋሻ ወለል ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን ጠባቂው አባቴ ነበር። የዘር ጊዜ ሲደርስ በየሰው ማሳ ጥግ የመጀመሪያውን እፍኝ የሚበትነውም እሱ ነው፤ ከእሱ በፊት ማንም አይዘራም። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረና መንደሩ ተራበ። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው "ዘሩ እዚህ ከቆየ ልጆቻችን ሲያለቅሱ አንችልም፣ እንበላዋለን። ልጅህ ዘንድ አሽሽልን" አሉት።

እኔ ቆጡ ላይ ይቀመጥ አልኩ። "ለአይጥ?" ብሎ ሳቀብኝ። ጓሯችን ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ልክ እንደ አገሩ ቆፈረ፤ በእበት ለቀለቀው፣ እሳት አነደደበት፣ ገለባ ጎዘጎዘና ዘሩን ገልብጦ በጠፍጣፋ ድንጋይ ደፈነው። ኮልፌ ተወልዳ ያደገችው ጎረቤታችን በአጥር አሻግራ አየችውና "አባባ፣ ኧረ ይተዉ! እዚህ እኮ ውሃው ከታች ነው የሚመጣው" አለችው።

"ልጄ፣ እኔ ጉድጓድ ስቆፍር ያረጀሁ ሰው ነኝ" አላት።

እውነቱን ነው። ያረጀው ግን ኖራ ድንጋይ ላይ ነው፤ የኮልፌን ጥቁር አፈር ከየት ያውቀዋል? ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ብላ ገባች። ያን ተረት ዛሬም ስሰማው ደሜ ይፈላል።

የበልጉ ዝናብ ጣለ። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ "አገር ቤትም ጥሎ ይሆናል" እያለ ሲደሰት ከረመ።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት የመንደራችን ሰዎች ዘሩን ሊወስዱ መጡ። ድንጋዩን አባቴ ራሱ አነሳው። መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው። ማሽላው አብጦ፣ አቆጥቁጦ፣ ጠቁሮ ነበር። አባቴ እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ደረቅ ፍሬ ፈለገ፤ አላገኘም። ማንም አልተቆጣውም። ተቆጥተውት ቢሆን ይሻል ነበር። በዕድሜ የሚበልጠው ሰውዬ "ከገደል ማዶ ካሉ ዘመዶቻችን ዘር እንለምናለን። አንተ ብቻ ተነስ፣ እንሂድ" አለው።

"በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?" አለ አባቴ።

እኔም ለመንኩት፣ ባለቤቴም ልሸኝዎት አለው። በጄ አላለም። ከዚያ በኋላ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከቤት አይወጣም ነበር። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ቆይቶ እኛው ዘንድ ሞተ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መርዶውን ለመንገር አገር ቤት ወረድኩ። ማሽላው ደርሶ ቆሟል። በየማሳው ጥግ ግን ሰፌድ የምታህል ሣር የበቀለባት መሬት አየሁ። ለምን አልዘራችኋትም ብዬ ጠየቅኩ።

"የአባትሽ ናት" አሉኝ። "ይመጣል እያልን በየዓመቱ እንተውለታለን።"